ንስር የሚያድርበት ሜዳ

ተረት ተረት። ነቀምት ውስጥ ጨለለቂ የሚባል ሰፈር አለ። ዛሬ የቆርቆሮ ቤትና የባጃጅ ጥሩምባ ሞልቶታል፤ ተረቱ በሚነገርበት ዘመን ግን ረግረግ ነበር፤ ከረግረጉ ዳር ደግሞ ለጥ ያለ ሜዳ። በረግረጉ እንቁራሪት፣ በሜዳው ሣር ውስጥ ጅግራ፣ ከሣሩ ሥር ፍልፈል ይኖሩ ነበር። ማን ቀድሞ እንደሰፈረ የሚያስታውስ የለም፤ ተካስሰውም አያውቁም። የወለጋ ዝናብ ረጅም ነው፤ ሚያዝያ ላይ ይጀምርና ጥቅምት ድረስ ይዘልቃል። ሣሩም ውኃውም ለሁሉም ይበቃ ነበር።

ከዚያ ንስሮቹ መጡ።

እነዚህ ንስሮች ገደል ላይ የምናውቃቸው ዓይነት አልነበሩም። ሰማይ ላይ ሆነው ብዙ ዘመን ግብር ሲያስገብሩ ኖረው ሰብተዋል። ከስባታቸው የተነሣ የሚሸከማቸው ቅርንጫፍ ጠፋ። እንደ ድሮው ከቋጥኝ ላይ ክንፍን ዘርግቶ መወርወርም ቀርቷል፤ ለመነሣት መንደርደሪያ፣ ለማረፍም ደልዳላ መሬት ይሻሉ። ከላይ ሲቃኙ ሰንብተው የጨለለቂን ሜዳ መረጡ። አንድ ማለዳ ጥላቸው በሣሩ ላይ አለፈ፤ በሦስት ቀን ውስጥ ልቀቁ የሚል ትእዛዝም ከጥላው ኋላ ተከትሎ መጣ። ጅግሮቹ እንቁላላቸውን እንደታቀፉ፣ «ካሳችንስ?» ብለው ጠየቁ። «ይጠናል» ተባሉ። እስካሁንም እየተጠና ነው ይባላል።

እንቁራሪቶቹን የነካቸው አልነበረም፤ ረግረግ ለንስር ምኑም አይደለም። ችግሩ ጩኸታቸው ነበር። ሲመሽ ከወዲያ ዳር አንዷ ትጀምራለች፤ ከወዲህ ማዶ ሌላዋ ትመልሳለች፤ ከዚያ ረግረጉ በሙሉ ይቀበላል። ከሰማይ ጸጥታ ለወረደ ጆሮ ይህ የሚቻል አይደለም። በሁለተኛው ሳምንት አዋጅ ወጣ፤ «ከፀሐይ መግቢያ እስከ ወፍ ጭጭታ ድረስ ድምፅ ማሰማት ክልክል ነው።»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁምና ስለዚያ ጩኸት አንድ ነገር ልናገር፤ ያለሱ ተረቱ አይገባም። እንቁራሪት ስትጮኽ የምታዳምጠው አንድም ነገር የሌላት ይመስላል። ግን እግር ጭቃውን ሲረግጥ ለእግሩ የቀረበችው ዝም ትላለች። እግሩ ወደፊት ሲራመድ ቀጥላ ያለችው ዝም ትላለች፤ የመጀመሪያዋ ደግሞ ትንሽ ቆይታ ድምፅዋን ትመልሳለች። ስለዚህ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል አንዲት የዝምታ ቀዳዳ ትከፈትና ከሂያጁ ጋር አብራ ትሄዳለች። ሸለምጥማጥ በየት በኩል እንደገባ፣ ወዴት እንደዞረ፣ የት ላይ ቆሞ እንዳሸተተ፣ ጅግራ ጎጆዋ ውስጥ ተኝታ በጆሮዋ ብቻ ትከታተለው ነበር። ቀዳዳዋ ስትቀርብ ጫጩቶቿን ይዛ ፈቀቅ ትላለች። ይህን ጥበቃ ብሎ የሰየመው የለም፤ ደመወዝም አልነበረውም።

ከአዋጁ በኋላ ረግረጉ ጭጭ አለ። ንስሮቹም ጥሩ እንቅልፍ ተኙ።

ሰኔ ሲገባ፣ ጨረቃ በሌለበት ዝናባም ሌሊት፣ ከጎረምሶቹ ንስሮች የሁለቱን የክንፍ ላባ አንድ ነገር መጥቶ ከሥሩ በልቶት ሄደ። ንስሮቹን አልገደለም፤ ደም እንኳ አልፈሰሰም። ነገር ግን ላባው የተበላ ንስር ሜዳ ላይ ሲሆን ዶሮ ነው። ሲነጋ ሁለቱ ለመነሣት ሲንደረደሩ፣ ሲወድቁ፣ ደግመው ሲንደረደሩ አገር አየ። ጅግሮቹ ከዛፍ ሥር ሆነው ሳቃቸውን ዋጡ።

በሦስተኛው ቀን በኦዳው ዛፍ ሥር ጉባኤ ተጠራ። ጸሐፊ ሆኖ የተመረጠው በኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥት ጣራ ላይ የሚኖረው ጉጉት ነበር፤ ለብዙ ዘመን የባለሥልጣን ቤት ስላደረ የቃለ ጉባኤ አጻጻፍ ያውቃል ተብሎ። የንስሮቹ አለቃ መንቁሩን በድንጋይ ሞርዶ ተነሣ።

«በሰማይ የሚችለን የለም» አለ። «ከላይ ሆነን የአይጥ ጢም እናያለን። ይህ የሚያከራክር አይደለም። ግን ሌሊቱን የምናድረው መሬት ላይ ነው፤ መሬት ላይ ስንሆን ዓይናችንም ክንፋችንም አይሠራም። መፍትሔ አምጡ።»

መጀመሪያ የተነሣው ጃርት ነው። «አጥር» አለ፤ ሌላም አልጨመረ። እሾሁን እርሱ ያቀርባል፤ ዋጋውን በኋላ መነጋገር ይቻላል።

እመት ጦጢት በበኩሏ አጥር ያለ ማማ ዋጋ የለውም ብላ ተከራከረች። በሜዳው ዙሪያ ስድስት ማማ ይሠራ፤ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ጦጣ በፈረቃ ይቀመጥ፤ ለእያንዳንዱ ጦጣ በሌሊት ሦስት ሙዝ ይታሰብ። ጉጉቱ «የሌሊት አበል» ብሎ ጻፈ።

አያ ጅቦ ደግሞ ሲጠብቅ ቆይቶ፣ ሁሉም ከጨረሱ በኋላ፣ በትሕትና ተነሣ። «እኔ ከአጥሩ ውጪ ልዙር» አለ። «ስሜን ሰምቶ የሚቀርብ የለም። ክፍያ አልፈልግም፤ ከገበታችሁ የወደቀ አጥንት ይበቃኛል።» ንስሮቹ በጣም ደስ አላቸው። ሥጋን ለጅብ አደራ የሰጠ ምን እንደሚገጥመው ጨለለቂ ውስጥ የማያውቅ ሕፃን የለም፤ ንስሮቹ ግን የሰማይ ሰዎች ስለሆኑ ይህን አባባል ሰምተው አያውቁም።

ነገሩ በዚህ ሊያልቅ ሲል ሽመላ ከረግረጉ ዳር አንድ እግሯን አጥፋ እንደቆመች ተናገረች። ሽመላ በዓመት አንዴ ከሰሜን ትመጣለች፤ ብዙ አገር ታያለች፤ ዓመቱንም የምትቆጥረው በፈረንጅ ነው።

«የሰው ልጅም የብረት ንስሮች አሉት» አለች። «እነርሱም መሬት ያድራሉ። አለን ቪክ የሚባል አሜሪካዊ በእነርሱ ሜዳዎች ላይ ከምድር የተሰነዘረውን ጥቃት ቆጥሮ በ1995 መጽሐፍ አወጣ። ከ1940 እስከ 1992 ድረስ 645 ጥቃት አገኘ፤ ከ2,000 በላይ አውሮፕላን ወድሟል ወይም ተጎድቷል። የመጽሐፉን ስም በንስር ጎጆ ውስጥ የገቡ እባቦች ብሎታል።»

ከሣሩ ውስጥ እባብ አንገቱን አውጥቶ፣ «ሁልጊዜ እኛ!» አለ። ጉጉቱ አልጻፈውም።

«አጥሩን በተመለከተ» ብላ ቀጠለች ሽመላ፣ «አፍጋኒስታን ውስጥ ካምፕ ባስቲዮን የሚባል ትልቅ የጦር ሰፈር ነበር። አጥሩ በዓይን የማይዳረስ ነበር። ማማው 24 ነበር። በመስከረም 14 ቀን 2012 ሌሊት፣ 15 የታሊባን ተዋጊዎች የአሜሪካ ወታደር ልብስ ለብሰው ሽቦውን ቆርጠው ገቡ። በዚያች ሌሊት ዘብ የነበረበት ማማ 11 ብቻ ነው። ስድስት ሃሪየር የሚባሉ ተዋጊ ጄቶች ተቃጠሉ፤ ሁለት የባሕር ኃይል እግረኞች ሞቱ። በዓመቱ ሁለት ጄኔራሎች ጡረታ እንዲወጡ ተደረገ።»

አለቃው ጡረታ የሚለውን ቃል ሲሰማ ላባውን አራገፈ።

«ጃርት ወንድሜ አይቀየመኝ እንጂ» አለች ሽመላ፣ «ወደ ውስጥ መግባት ራሱ አያስፈልግም። ቪክ ከቆጠራቸው ጥቃቶች ከአራቱ ሦስቱ ያህል የተሰነዘሩት ከሩቅ ነው። ቬትናም ውስጥ ቢየን ሆዋ የሚባል የአየር ጣቢያ አለ። በኅዳር 1 ቀን 1964 ሌሊት ከአጥሩ ውጪ በጨለማ ሞርታር ተከሉ፤ ደበደቡ፤ ነቅለው ሄዱ። አምስት ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ጠፉ፤ አራት አሜሪካውያን ሞቱ። አጥሩ ግን አንድም ቦታ አልተበጠሰም። ሲነጋ እንደቆመ ነው የተገኘው።»

እመት ጦጢት በዚህ ጊዜ ድንጋይ አንሥታ ወረወረች። ከኦዳው ተነሥቶ የአጥሩን መስመር አልፎ ሜዳው መሐል ወደቀ። ሁሉም ድንጋዩን አዩት። ማንም ምንም አላለም።

«በሊቢያና በግብፅ በረሃ ደግሞ» ልትል ስትል አለቃው አቋረጣት። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1942 ሐምሌ እንግሊዞች በ18 ጂፕ ሲዲ ሃኒሽ የሚባል የጀርመን አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ገብተው በቆመው ሁሉ ላይ እየተኮሱ መውጣታቸውን ልትናገር ነበር። ሳይነገር ቀረ። እኔ ግን ለአንባቢ ብዬ ጨመርኩት።

ከአስመራ የመጣ አንድ ጭላትም እጁን አውጥቶ ነበር። በ1976 ዓ.ም. ግንቦት የሻዕቢያ ኮማንዶዎች በሌሊት አስመራ አውሮፕላን ማረፊያ ገብተው የቆሙትን አውሮፕላኖች እንዳቃጠሉ ተናግሮ ተቀመጠ። ከድሬዳዋ የመጣችው እርግብ ደግሞ በ1969 ዓ.ም. ነሐሴ የሶማሊያ ጦር ወደ አውሮፕላን ማረፊያው አፋፍ ቀርቦ እንዴት እንደተመለሰ ለመንገር ስትጀምር ዝናብ መጣ። ጉባኤው ከኦዳው ግንድ ተጠጋ። ሁሉም ተጨናንቆ ሲቆም፣ ከላይ ካለው ቅርንጫፍ የአባ ጉሬዛ ድምፅ ተሰማ።

አባ ጉሬዛ ጥቁርና ነጭ ካባውን ትከሻው ላይ ጥሎ የሚኖር ሽማግሌ ነው። ጉሬዛ ዓመተ ምሕረት ይቆጥራል ወይ የሚል ይኖራል። የጨለለቂው ይቆጥራል።

«ሩቅ ምን አስኬዳችሁ?» አለ። «ቦነያ እዚሁ ጎናችን ነው። አያቴ ከዛፍ ላይ ሆና ያየችውን ልንገራችሁ።

«1928 ዓ.ም. ነው። ሚያዝያ 27 ቀን ጣልያን አዲስ አበባ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ ከዚያ በፊት ወጥተዋል። ወደ ምዕራብ የሸሸ ብዙ ነው፤ ከሸሹት መካከል የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት ልጆች ነበሩበት። ስዊድኖች ያሠለጠኗቸው፣ ገና ጢም ያላወጡ። ከአለቆቻቸው በላይ ኃይለአብ፣ ክፍሌ ነሲቡ ይገኙበታል። ያቋቋሙትን ማኅበር ጥቁር አንበሳ አሉት።»

አንበሳ ከዳር ሆኖ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሊቀ መንበራቸው ማን እንደነበር ታውቃላችሁ? ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ። የእንስሳት ሐኪም!»

ጉባኤው አጉረመረመ። ከርከሮ እንባውን ጠረገ። የራሱን ሐኪም የጦር መሪ ሆኖ መስማት ለማንም እንስሳ ትንሽ ነገር አይደለም።

«የለቃ ነቀምት ገዥ ደጃዝማች ሀብተ ማርያም ገብረ እግዚአብሔር ነበሩ። ገብረ እግዚአብሔር የተባሉት የኩምሳ ሞሮዳ ልጅ፤ አቶ ጉጉት ጣራቸው ላይ የምታድርባቸው ጌታ። ደጃዝማቹ ከጣልያን ጋር ይላላኩ ነበር። ለምን ብዬ አልፈርድም፤ ከሰሜን እየተሸነፈ የሚመለሰው ሠራዊት አገሩን ሲዘርፍበት የነበረ ጌታ ምን ያስባል? ብቻ ለጣልያን የደረሰው ወሬ በሩ ክፍት ነው የሚል ነው።

«ሰኔ 19 ቀን ሦስት የብረት ንስሮች ቦነያ ሜዳ ላይ ወረዱ። አንዱ ትልቅ ካፕሮኒ፣ ሁለቱ አነስ ያሉ ሮሜዎ። የመጡትም ተራ ሰዎች አይደሉም። ጄኔራል ቪንቼንሶ ማሊዮኮ የአየር ኃይል ጄኔራል ነው፤ የግራዚያኒ ምክትል። አንቶኒዮ ሎካቴሊ ደግሞ በአገሩ ዝነኛ በራሪ ነበር፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከጠላት ከተማ ከቪየና በላይ በርሮ ተመልሷል፤ በ1916 አትላንቲክን ሊሻገር ሲሞክር ውኃ ላይ ወድቆ የአሜሪካ መርከብ አንሥቶታል። ከእነርሱም ጋር ወለጋን የሚያውቅ አባ ማሪዮ ቦሬሎ የሚባል ሚሲዮናዊ ነበረ።

«አያቴ ስትናገር፣ ሜዳው አረንጓዴ ነበር፤ ሰኔ ነዋ። ሰዎቹ ከንስሮቹ ሆድ ወርደው ሣሩን በጫማቸው ረገጥ ረገጥ አደረጉት። መሬቱ ይበቃ እንደሆነ ነበር የሚሞክሩት። ይበቃ ነበር፤ ንስሮቹን ችሏል። ሌላ የሞከሩት ነገር የለም። የጋበዛቸውን ጌታ አመኑ። በዚያ ሣር ዙሪያ ግን የሚኖረው ጌታው ብቻ አልነበረም። ንስሮቹ ሲወርዱ ያየ እረኛ አለ፤ ከብቱን ወደ ቤት የነዳ አለ፤ ገበያ የሚሄድ አለ፤ ወሬ ደግሞ ወለጋ ውስጥ ከፈረስ ይፈጥናል። እስኪመሽ ድረስ የሆለታ ልጆች ጣልያኖቹ የት እንዳረፉ፣ ስንት እንደሆኑ፣ ምን እንደያዙ አወቁ። ጣልያኖቹ ስለ ልጆቹ ያወቁት ነገር የለም።

«ሌሊት ገቡባቸው። ሦስቱም ንስሮች ተቃጠሉ። ማሊዮኮ ሞተ፤ ሎካቴሊ ሞተ። በጠቅላላው 12 ሰው። ውቅያኖስ ያልዋጠውን ሰው የቦነያ ሣር አስቀረው። የተረፈው አባ ቦሬሎ ብቻ ነው።»

ዝናቡ አባራ። ከቅጠሉ ላይ የቀረው ጠብታ እየወረደ የጉጉቱን ቃለ ጉባኤ አበላሸበት።

«ለምን ቄሱ ብቻ ተረፈ?» አለ አለቃው።

«እኔ ቄስ አይደለሁም፤ አላውቅም» አለ አባ ጉሬዛ። «ግን ከሁሉም መካከል በዚያ አገር በእግሩ ሄዶ የሚያውቅ እርሱ ብቻ ነበር።»

«ስለዚህ ምን እናድርግ ነው የምትለው?»

አባ ጉሬዛ ካባውን ሰበሰበ። «ድንጋዩን አይታችሁታል። ከአጥሩ ውጪ ከቆመ እጅ ነው የመጣው። ከአጥሩ ውጪ ያለውን መሬት ደግሞ እናንተ አታውቁትም፤ ጃርትም አያውቀውም፤ አያ ጅቦም» አለና ጅቡን ትንሽ አየት አደረገው፣ «የሚያውቀው ሌላ ነገር ነው። ያን መሬት የሚያውቁት ጅግሮቹ ናቸው። አስወጣችኋቸው። ሌሊት ማን እንዳለፈ የሚሰሙት እንቁራሪቶቹ ናቸው። ዝም አሰኛችኋቸው። የሜዳውን ጠርዝ ለጅግሮቹ መልሱላቸው፤ ለክንፋችሁ መንደርደሪያ መካከሉ ይበቃል። እንቁራሪቶቹ ደግሞ እንደልባቸው ይሁኑ። ጩኸቱን በሁለት ሳምንት ትለምዱታላችሁ።»

ንስሮቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከመካከላቸው አንዲት አሮጊት ንስር፣ «እኔ በእናቴ ጊዜ እንቁራሪት እየሰማሁ ነው ያደግኩት» አለች ቀስ ብላ። ያዳመጣት አልነበረም። አለቃው ግን የተናደደ አይመስልም ነበር፤ ይልቅ እንደ ጥሩ አስተዳዳሪ ሁሉንም ሐሳብ ተቀብሎ ለማስታረቅ ፈለገ።

«ጉሬዛ ያነሣቸው ነጥቦች ገንቢ ናቸው» አለ። «የጅግሮቹ ጉዳይ በጥናት ላይ ስለሆነ በዚህ ጉባኤ አይታይም። የእንቁራሪቶቹን ግን እንቀበላለን።»

ጉጉቱ እንዲህ ብሎ ጻፈ፤ አጥር ይታጠር። ስድስት ማማ ይሠራ። አያ ጅቦ በውጭ ይዙር። እንቁራሪቶችን በተመለከተ የቀደመው አዋጅ ተሽሯል፤ በምትኩ እንቁራሪቶች ከፀሐይ መግቢያ እስከ ወፍ ጭጭታ ድረስ ያለማቋረጥ እንዲጮኹ ታዟል፤ ባቋረጠች ላይ ቅጣት ይጣላል።

አዴ እንቁራሪት ከረግረጉ ወጥታ ጉሮሮዋን ነፍታ ለመናገር ሞከረች። «ጌቶች፣ እኛ ስናቋርጥ ነው እኮ...»

«አታቋርጡ ነው የተባለው» አለ ጉጉቱ፤ ማኅተሙን መታ።

አባ ጉሬዛ ከዛፉ ሳይወርድ ቅጠሉን መብላት ቀጠለ።

ሐምሌ እንዲህ አለፈ። እሾሁ ታጠረ፤ ከሩቅ ሲታይ ያምራል። ማማዎቹም ቆሙ። የጦጦቹ አበል ግን በሁለተኛው ሳምንት ከሦስት ሙዝ ወደ አንድ ወረደ፤ በሦስተኛው ሳምንት ደግሞ «በሚቀጥለው ወር ይጠቃለላል» ተባለ። ጦጣ የተጠቃለለ ሙዝ አይበላም። በስድስቱ ማማ ላይ ሁለት ጦጣ ቀረ፤ ከሁለቱም አንዷ እርጉዝ ስለነበረች ትተኛለች። አያ ጅቦ ሲጀምር ሌሊቱን ሙሉ ይዞር ነበር፤ በኋላ አንድ ዙር፤ በኋላ ሲመሽ ብቻ። ቅዳሜ ነቀምት ገበያ ስለሚውል ማታውን ወደ ቄራ መሄድ ነበረበት። ይህን ራሱ በግልጽ ተናግሯል፤ ሰው የቤተሰቡን ነገር መደበቅ የለበትም ብሎ።

እንቁራሪቶቹ ጮኹ። ሲመሽ ይጀምራሉ፤ እስኪነጋ አያቆሙም። ጉሮሯቸው ደማ። እግር ሲረግጣቸው እንኳ ይጮኻሉ። ንስሮቹ መጀመሪያ አልተኙም፤ በሳምንቱ ለመዱት፤ ከዚያ ጩኸቱ ሲኖር ደኅና ነን ብለው ማረፍ ጀመሩ። አንድ ጎረምሳ ንስር፣ «ዝም ካሉ ነው የምነቃው» ይል ነበር። እውነቱን ነው። ግን ዝም አይሉም።

ፍልፈሉስ? ማንም አላስታወሰውም። ሲባረር የሜዳው መካከል ቤቱ ነበር። እሾሁ ከታጠረ በኋላም ልጆቹን ያሳደገበትን ጉድጓድ መርሳት አቃተውና ከውጭ ወደ ውስጥ ቀስ እያለ ይቆፍር ነበር፤ የጦር ሐሳብ የለውም። በነሐሴ አጋማሽ አጥሩ ሥር አለፈ። የቀድሞ ቤቱን አገኘው፤ ውኃ ሞልቶበታል። ተመልሶ ወጣ። መሿለኪያው ቀረ።

በሰኔ ላባ የቀመሱት ሸለምጥማጦች አንዲት ጅግራ አግኝተው መንገድ ጠየቋት። ጅግራና ሸለምጥማጥ የደም ጠላት ናቸው። በሌላ ጊዜ ቢሆን ጮኻ ትበር ነበር። አሁን ግን ቆማ አየቻቸው።

«እኔን ትበሉኛላችሁ?» አለች።

«ዛሬ አይደለም» አሉ።

«እንግዲያው በፍልፈሉ መሿለኪያ ግቡ። ስትወጡ ወደ ግራ ነው፤ ወደ ቀኝ ከዞራችሁ ጭቃ አለ። እዚያ ነበር ጎጆዬ፤ አውቀዋለሁ።»

ቅዳሜ ማታ ነበር። አያ ጅቦ ቄራ ነው። ጦጢት ማማ ላይ ተኝታለች። ሸለምጥማጦቹ በረግረጉ ጠርዝ ተሰልፈው ሲያልፉ እንቁራሪቶቹ አዩአቸው፤ በአንዳንዶቹ ጀርባ ላይ ተረማምደው ነው ያለፉት። ጮኹ። ሳያቋርጡ ጮኹ። ረግረጉ ከዳር እስከ ዳር አንዲት ቀዳዳ ሳይኖርበት እስኪነጋ ድረስ ጮኸ።

ሲነጋ ሜዳው ላይ ላባ ብቻ ነበር። የንስሮቹ ቁጥር አልጎደለም፤ ሁሉም በሕይወት አሉ። ሁሉም ግን በእግራቸው ነበሩ። በረግረጉ ዳር እየተራመዱ፣ አንዱ ሌላውን ላለማየት እየሞከሩ፣ ጅግሮቹ ባሉበት በኩል ላለማለፍ ራቅ ብለው ይዞሩ ነበር። አሮጊቷ ንስር ብቻ እንቅልፏን ሳትጨርስ ነቅታ ነበር፤ ከክንፏ ላይ የተበላው ጥቂት ስለሆነ ዛፍ ላይ ለመውጣት ችላለች። አባ ጉሬዛ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀላት።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ራሱ አለቃው ነበር፤ ጉዳዩን ከእርሱ የተሻለ የሚያውቅ ስለሌለ። አያ ጅቦ ቀርቦ፣ በዚያች ሌሊት በሥራ ገበታው ላይ እንደነበረ መሰከረ፤ ጺሙ ላይ ስብ ነበረበት። ጦጢት ልጇን ታቅፋ መጣችና ሙዜ አልተከፈለኝም አለች። ጃርት የአጥሩን ንድፍ ዘርግቶ አንድ እሾህ እንኳ እንዳልተነቀለ አሳየ፤ እውነት ነበር።

ከዚያ አዴ እንቁራሪት ተጠራች።

«በዚያች ሌሊት ረግረጉ ውስጥ ነበርሽ?»

«ነበርኩ፣ ጌታዬ።»

«ሸለምጥማጦቹን አየሽ?»

«እንዴት አላይ! አንዱ ጀርባዬ ላይ ቆሞ ነው ጓደኞቹን የቆጠረው። ዐሥራ አንድ ናቸው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?»

አዴ እንቁራሪት ጉሮሮዋ ስለቆሰለ ድምፅዋ በቅጡ አይሰማም ነበር። ጉጉቱ ጆሮውን አስጠጋ።

«ስንነግራችሁ እኮ ዝም ነበር የምንለው» አለች። «አታቋርጡ አላችሁን።»

ጉጉቱ ብዕሩን አንሥቶ አለቃውን አየው። «ይህንን ልጻፈው?»

አለቃው የክንፉን ጉቶ አየ፤ አጥሩን አየ፤ ጃርትን አየ።

«አጥሩ በአንድ ክንድ ከፍ እንዲል ተወስኗል ብለህ ጻፍ» አለ። «ጃርት፣ ዋጋህን ነገ አቅርብ።»